በጉ የነቀለው ችካል

«አባትሽ ድንበር አልገፋም ተባለ!» አለች እናቴ በስልክ። ሞጣ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ስዘል አክስቴ የያዘችውን ሽሮ ደፋሁባት። «ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?» የነካኝን ለመናገር ከፋሲካው በግ መጀመር አለብኝ።

ቢቸና ባለው ግቢያችን ጥግ ላይ ማዘጋጃ ቤት የተከለው ቀይ ችካል ነበር፤ የእኛን ይዞታ ከጎረቤታችን ይለያል። የፋሲካውን በግ እኔ እሱ ላይ አሰርኩት። ጠዋት ስወጣ በጉ ችካሉን ነቅሎ እየጎተተ ጎመናችንን ይበላል። ደነገጥኩ፤ ጉድጓዱን ረግጦ ስላጠፋው «እዚህ ጋ መሰለኝ» ባልኩበት በድንጋይ ቀጥቅጬ መለስኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ክረምት ሣር አበቀለ፣ የድሮውን ቦታ ሸፈነው። በበጋ አባቴ ያንን ችካል ተከትሎ ረጅም፣ ድፍን የቆርቆሮ አጥር አቆመ።

ጎረቤታችን ባልቴት ናቸው። በራችን ላይ ቆመው፣ «የኔታ፣ ድንበር የገፋ ርጉም ይሁን እያሉ የሚያስተምሩት እርስዎ አይደሉም? ወይስ እርግማኑ ቆርቆሮ አይበሳም?» አሉ።

አባቴ የቅኔ መምህር ነው። ተማሪዎቹ ሁሉ ሰሙ።

«እትዬ፣ እኔ ችካሉን ነው የተከተልኩ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው በጓሮ በኩል ሆነ።

ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ መጣ፤ አጥሩ ቦታውን አልፏል፣ ቁመቱም ከደንቡ በልጧል፣ ባለሙያ ይለካዋል። ሜትር የያዘ ሰው በመንገድ ባለፈ ቁጥር ከበሩ ጀርባ እደበቅ ጀመር። እህል አልወርድ አለኝ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ «አየር ትቀይር» ተብዬ ሞጣ ተላክሁ።

አክስቴ ሦስት ቀን አየችኝ። «አፍሽ ካቃተው እጅሽ ያውጣው» ብላ ወረቀት ሰጠችኝ። አራት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። አምስተኛው እንዲህ ይላል፦ «አባቴ ድንበር አልገፋም። የገፋው በግ ነው። በጉን ያሰርኩት፣ ችካሉንም በግምት የመለስኩት እኔ ነኝ።» ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁ። ከዚያ ስልኩን እየደጋገምኩ አየሁ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። ዱላውን አልፈራሁም፤ የአባቴን ዝም ማለት ነበር የፈራሁት።

በሦስተኛው ቀን ነው እናቴ የደወለችው። ባለሙያው በጉ የታሰረበት ጥግ ላይ ሣሩን አስነሥቶ ሲያስቆፍር የተሰበረ የችካል ጫፍ አፈር ውስጥ አገኘ። አጥሩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከላይም ይቆረጣል፣ የቆመ ሰው አሻግሮ እስኪያይ።

«አባባስ?» አልኩ።

«ደብዳቤሽን ለተማሪዎቹ አነበበላቸው። ‹ጥፋተኛው ታርዷል፤ እኛም በልተነዋል› ብሎ ሳቀ። ዛሬ በፊት በር ወጣ።»

እትዬም ይቅርታ ጠይቀው፣ «አጥሩ በደቦ ይዛወር፤ ጠላው የእኔ ነው፤ የሰማ ሁሉ ይምጣ» ብለዋል። እናንተም ሰማችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ መዶሻ ያለው ይዞ፣ የሌለው ባዶ እጁን ይምጣ። ቤቱ አይጠፋችሁም፤ ከሰፈሩ ረጅሙ አጥር የእኛ ነው፣ እስከ ቅዳሜ።