ማንም ያልሞተበት መንገድ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የዒድ ጫማዬን አድርጌ ሄድኩ። ቢሮ ማለት ወንበርና ጠረጴዛ መስሎኝ ነበር። አባቴ ከወሎ ወንጂ ወርዶ ዕድሜውን ሸንኮራ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው፤ «ልጁ ሰዓዳ አዳማ ላይ የመንግሥት ሥራ ያዘች» ሲባል ሠፈሩ በእልልታ ሸኘኝ። በእልልታ የተሸኘ ሰው በሸራ ጫማ አይሄድም።

አለቃዬ አቶ ግርማ የቡድን መሪና ቀያሽ ነበሩ። ከጫማዬ ጀምረው ወደ ላይ አዩኝ።

«ይህን ለሠርግሽ አስቀምጪው» አሉ። «የተቀጠርሽው በሜትር ያዥነት ነው። የምንለካው ነገር ደግሞ ያለው ተራራ ላይ ነው።»

«መኪና አይሄድም፣ ጋሼ?»

«ይሄዳል። እስከሚቆምበት ድረስ።»

ከሰዓት በኋላ ገበያ ወጥቼ ኮንጎ ጫማ ገዛሁ። ኮንጎ የማያውቅ ወጣት ካለ፣ የፕላስቲክ ጫማ ነው፤ እሾህ ያስገባል፣ ውሃ ያስወጣል፣ ሰውን ግን አይከዳም።

ሥራችን በስምጥ ሸለቆው በረሃ፣ ኮረብታ አናት ላይ ፈርሰው የቀሩ የጥንት መንደሮችን ፈልጎ መለካትና መመዝገብ ነበር። የቡድኑ አባላት ሦስት ነን። ሹፌሩ ቶሎሳ መንገድ ያለቀበት ቦታ ግራር ሥር መኪናውን አቁሞ ይተኛል። እኔና አቶ ግርማ ውሃችንን፣ ቆሏችንን፣ ሜትራችንንና ቀይና ነጭ የተቀባውን ዘንጋችንን ይዘን በእግር እንቀጥላለን። እሳቸው የሜትሩን ዜሮ ይይዛሉ፤ እኔ እስከ ግድግዳው ጫፍ ስቤ ቁጥሩን እጠራለሁ፤ እሳቸው ካሬ ወረቀት ላይ ይስሉታል።

«ቁጥር ሁለት ጊዜ ጥሪ» ይሉኝ ነበር። «አንዱን ነፋሱ ይወስደዋል።» ከመሐንዲስ ትምህርት ቤት የወጣ ሰው እንዲህ ያለ ጠቃሚ ነገር ሲናገር እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

በሦስተኛው ዓመቴ ነው ያቺን ኮረብታ ያገኘናት። ከመተሐራ ወዲያ፣ መኪናው ከቆመበት ሁለት ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ናት። መንገድ አልኩ እንጂ መንገድስ የለም። ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ እሾህ፣ ከዚያ ደግሞ ጥቁር ድንጋይ። የፍየል ዱካ በየአቅጣጫው አለ፤ ፍየል ግን የምትፈልገው ቅጠል እንጂ ቅርስ አይደለም። ሁለት ጊዜ ተሳስተን ተመለስን። በሦስተኛው ወጣን።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ትከሻዬ የሚደርስ ግድግዳ፣ ያለ ጭቃ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተገጣጥሞ ቆሟል። ክፍል አለ። ደረጃ አለ። ላይኛው ድንጋዩ ያልወደቀ በር አለ። ታች ሜዳው እስከ በሰቃ ሐይቅ ድረስ ተዘርግቷል። ደስታው አናቴ ላይ ወጣና ከክፍል ክፍል መሮጥ ጀመርኩ።

«ሰዓዳ! ቅርስ ላይ አይሮጥም!» ብለው አቶ ግርማ ጮኹ። ቀጥሎ የሰማሁት የራሳቸውን የሩጫ ኮቴ ነው።

የአካባቢው ሰው እነዚህን ቤቶች የሠሩት ሐርላ የሚባሉ ግዙፍ ሰዎች ናቸው ይላል። በሩን ለካሁት፤ ደረቴ ድረስ ነው። ጎንበስ ብዬ ስገባ ግዙፎቹ እንዴት ይገቡ ነበር እያልኩ ሳቄ አላቆም አለኝ። አቶ ግርማም ሳቁ፤ ቀን ሙሉ የማይስቁ ሰው ናቸው።

ደስታው ሳምንት አልቆየም። በአካባቢው መንገድ የሚሠራ አንድ ተቋራጭ ኮረብታዋን አይቷት ኖሯል። ተፈልፍሎ፣ ተስተካክሎ፣ ተደርድሮ የሚጠብቅ ድንጋይ ማን ይጠላል? ለማንሳት ፈቃድ ጠይቋል። ከበላይ መሥሪያ ቤት አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ለአንድ ቀን መጥቶ ሊያይ ተወሰነ። ቦታው ድረስ ወጥተው ካዩና የአካባቢው ሽማግሌዎች «ይጠበቅልን» ብለው ከፈረሙ ኮረብታዋ ትመዘገባለች። ካልሆነ ገልባጭ መኪና ይመጣል።

«መሪዋ አንቺ ነሽ» አሉኝ አቶ ግርማ። «እኔ በዚህ ጉልበቴ ከኋላ ነኝ። ከሳትሽ ሰዎቹ ፀሐይ ላይ ዞረው ዞረው ይመለሳሉ፤ ፈቃዱም ይፈረማል።»

ጂፒኤስ ለቢሮው በሙሉ አንድ ነበረች፤ እሷም ሌላ ቡድን ጋ መስክ ወጥታለች። ስለዚህ ብልህ ሆንኩ። ሁለት ቀን ብቻዬን ተመላልሼ፣ መታጠፊያ በሆነ ቦታ ሁሉ የድንጋይ ክምር ሠራሁ። ከሥር ትልልቁ፣ ከላይ ትንንሹ፣ አናቱ ላይ ከሩቅ የሚታይ ነጭ ድንጋይ። አሥራ አራት ክምር። እያንዳንዷን ስጨርስ ወደ ኋላ ሄጄ አያታለሁ፤ ታምራለች። እያዜምኩ ተመለስኩ። ለቶሎሳም «ዓይኑን የተሸፈነ ሰው እንኳ አይስትም» ብዬ ጎረርኩበት።

ኮሚቴው ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ምልክቱን ለማሳየት አቶ ግርማን ይዤ ወጣሁ።

ጉልበቴ ድረስ የነበረው የመጀመሪያው ክምር ወገቤ ደርሷል። ነፋስ ድንጋይ ያፈርሳል እንጂ አይከምርም። ሁለተኛው ላይ እርጥብ ሣር ተጎዝጉዟል። ሦስተኛው ጋ ስንደርስ አንዲት ፊታቸው የተከፋ ሴትዮ ድንጋይ ይዘው መጡ፣ ቀስ አድርገው ከክምሩ ላይ አኖሩት፣ በሹክሹክታ ጸለዩና ሄዱ።

አቶ ግርማ ኦሮምኛው እንደ ውሃ ይወርድላቸዋል። ተከትለው ጠየቋቸው። ሲመለሱ ፊታቸው አመድ ሆኗል።

«ሰዓዳ፣ እዚህ አገር መንገድ ዳር የተከመረ ድንጋይ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ምልክት?»

«መቃብር። የሚያልፍ ሰው ባዶ እጁን አያልፍም፤ ድንጋይ ይጨምራል። አሥራ አራት እንግዳ በጥማት አለቀ ተብሏል። አልቃሽ ዘመድ ስለሌላቸው አገሩ ሁሉ ተራ ገብቶ እያለቀሰ ነው። ‘በሽታ ቢሆንስ?’ ብለው ግመሎቻቸውን ከዚህ ግጦሽ አርቀዋል።»

እኔ ስፈራ እስቃለሁ። ከልጅነቴ ያለ በሽታዬ ነው፤ ለቅሶ ቤት እናቴ በር ላይ ነበር የምታስቀምጠኝ። ሴትዮዋ ገና ከዓይናችን አልራቁም። ሻሼን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ፤ ትከሻዬ ግን ይንቀጠቀጣል።

«ብትስቂ» አሉኝ አቶ ግርማ ከጥርሳቸው ሥር፣ «አሥራ አምስተኛውን እዚሁ እከምርልሻለሁ።»

ቀጥታ ሄድን ወደ ኦቦ ቦሩ። የከረዩ ኦሮሞ ሽማግሌ ናቸው፤ የእሳቸው ጣት ያላረፈበት ወረቀት እዚያ አገር ወረቀት አይባልም። ግራር ሥር አገኘናቸው። እዚያ ደግሞ ጉዳይ ዘሎ አይነገርም፤ መጀመሪያ ወሬ መለዋወጥ አለ። ዝናቡ፣ ሣሩ፣ ግመሉ፣ ገበያው፣ ሰላሙ አንድ በአንድ ይጠየቃል፣ አንድ በአንድ ይመለሳል። ግማሽ ሰዓት ያህል እኔ እንደተጣደ ጀበና ስንተከተክ ቆየሁ። በመጨረሻ «እሺ፣ ወሬ?» አሉኝ።

«ኦቦ ቦሩ፣ ማንም አልሞተም» አልኳቸው።

«የት?»

«ክምሮቹ ጋ። መንገድ እንዳይጠፋብኝ እኔ ነኝ በሁለት ቀን ብቻዬን የከመርኳቸው።»

አማርኛውን መተሐራ ገበያ ላይ ነው የለመዱት፤ ቀስ እያሉ ይናገራሉ። «አሥራ አራቱም?»

«አሥራ አራቱም።»

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቁም።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሚስቴ ለሦስተኛው አልቅሳለች። የማን ልጅ ይሆን እያለች እንቅልፍ አጥታለች። እናቱ ታውቅ ይሆን እያለች።»

ያኔ ሳቄ ድርግም አለ። ሦስተኛው ክምር ጋ ያየናቸው ሴትዮ ሚስታቸው ነበሩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። አለቀስኩ፤ የእውነት አለቀስኩ።

ኦቦ ቦሩ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ፈረዱ። «ራስሽ ታፈርሽዋለሽ። ሰው ያመጣውን ድንጋይ ግን አትወረውሪም፤ በእጅሽ መሬት ታስነኪዋለሽ። ለሚያልፍ ሰው ሁሉ ወሬውን ራስሽ ትነግሪያለሽ። ስለ ጣቴ ፊርማ ከዚያ በኋላ እናወራለን።»

«ኮሚቴው የሚመጣው በሳምንቱ ነው» አሉ አቶ ግርማ በልመና።

«ብቻዋን በሁለት ቀን አሥራ አራት ሰው ቀብራለች» አሉ ሽማግሌው። «ለማስነሳት ሳምንት አያንሳትም።»

በማግስቱ ጀመርኩ። ድንጋይ ማፍረስ ቀላል ነው፤ ከባዱ ወሬው ነው። ሰው ባለፈ ቁጥር ቆሜ ዝናቡን፣ ሣሩን፣ ግመሉን ጠይቄ፣ ተጠይቄ፣ በስተመጨረሻ በተሰባበረው የገበያ ኦሮምኛዬ «ማንም አልሞተም፤ እኔ ነኝ» እላለሁ። የመጀመሪያው የነገርኩት ሰው አንድ ጎልማሳ ግመል ጠባቂ ነበር። ትንሽ አየኝ፣ ክምሩን አየ፣ በትሩን ጣለና መሬት ላይ ተቀምጦ እስኪያነባ ሳቀ። ግመሎቹ ተበተኑ። አብረን ስንሰበስብ ዋልን።

በሦስተኛው ቀን ወሬው ቀድሞኝ መሮጥ ጀመረ። ሰዎች ከሩቅ ሲያዩኝ በሰላምታ ፈንታ «ማንም አልሞተም!» እያሉ ይጮኻሉ። አንዲት ሴት በጮጮ የግመል ወተት ይዛ መጣች። «ለለቅሶው ያመጣሁት ነው» አለችኝ። «ለቅሶ ከሌለ አንቺ ጠጪው።» ጠጣሁት። አምስት ቀን ሙሉ ስጠጣ፣ ስስቅ፣ ድንጋይ ስሸከም ከረምኩ፤ እንደዚያን ሳምንት ሥራ ጣፍጦኝ አያውቅም።

የመጨረሻውን ክምር አፍርሼ ቀና አልኩና ዙሪያዬን አየሁ። ሜዳው እንደ ድሮው ሆኗል፤ ጥቁር ድንጋይ፣ እሾህ፣ ጥቁር ድንጋይ። በገዛ እጄ ምልክቴን ሁሉ አጥፍቻለሁ። አቶ ግርማ «መንገዱን ያዝሽው?» ሲሉኝ «በደንብ» አልኳቸው። ግማሹ ውሸት ነበር።

ኮሚቴው በጠዋት ደረሰ። አንዱ ጃንጥላ ይዟል፤ አንዱ ሹል ጫማ አድርጓል፤ የተቋራጩ ወኪልም አብሮ መጥቷል። ቢስሚላህ ብዬ ቀደምኩ። ሩብ ሰዓት እንደሄድን ቆም አልኩ፤ ወደ ግራ ነበር ወይስ ወደ ቀኝ?

ያኔ አንድ ሰው በትሩን ተደግፎ ቆሞ አየሁ። ያ ግመል ጠባቂ ነው። የቆመው የመጀመሪያው ክምሬ የነበረበት ቦታ ላይ ነው።

«አካም ቡልተን! ደህና አደራችሁ!» አለ ጮክ ብሎ። «እዚህ ማንም አልሞተም! በዚያ በኩል ሂዱ!»

ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ወተቷን የሰጠችኝ ሴት ቆማለች። «እዚህም ማንም አልሞተም!» በየመታጠፊያው ሰው። አሥራ አራቱም ቦታ ላይ ሰው። ማን ነገራቸው? ማንም አልለመናቸውም፤ ምልክቷን አፍርሳለች፣ ትጠፋለች ብለው እርስ በርስ ተጠራርተው ነው የመጡት። ያለፍናቸው ሁሉ ከኋላ ይከተሉናል። እያነባሁ፣ እየሳቅኩ፣ ኮንጎዬን እየጎተትኩ እመራለሁ።

«ምንድን ነው የሚሉት?» ብሎ ጃንጥላ የያዘው ጠየቀ።

«የአካባቢው ሰላምታ ነው» አሉ አቶ ግርማ፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

ኮረብታዋ አናት ስንደርስ የሠርግ አጃቢ መስለናል። ኦቦ ቦሩ ከባለቤታቸው ጋር ግድግዳው ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁናል። የተቋራጩ ወኪል ላቡን ጠርጎ «መንገድ እንኳ የሌለው ቦታ ነው፤ እዚህ ማን ይመጣል?» አለ።

ኦቦ ቦሩ ከኋላችን የወጣውን ሕዝብ በበትራቸው አሳዩት። «ማንም አልሞተም ለማለት እንኳ ይኼ ሁሉ ሰው መጥቷል» አሉ። ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነክረው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። ሌሎቹ ሽማግሌዎችም ተከተሉ።

ባለቤታቸው እጄን ያዙኝ። ምን ሊሉኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ሦስተኛው ልጅ» አሉኝ፣ «ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ አዴ፣ እናቴ።»

«እናቱስ?»

«እሷም ደህና ናት።»

«ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑኝና ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ በዚህ ጊዜ ማንም አልከለከለኝም።

ኮረብታዋ ተመዘገበች፤ ግድግዳዎቿ ዛሬም ቆመዋል። ተቋራጩ ድንጋዩን ከሌላ ቦታ አመጣ። እኔም ከሜትር ያዥነት ወደ ረዳት ቀያሽነት፣ ከዚያም ወደ ቀያሽነት አደግኩ፤ አሁን መንገዱን በስልካቸው ለሚያነቡ ልጆች ሥራ አስረክቤያለሁ።

ለእነሱ የምለው ይህን ነው። በሰው አገር አንድ ድንጋይ በሌላው ላይ ከማኖራችሁ በፊት፣ የአገሩን ሰው ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ አሥራ አራት ሰው ቀብሬያለሁ።