ታናሽ ወንድም ማታ የገባበት ግራፍ

ልጅ ሳለሁ፣ ከውጫሌ በላይ ባለችው መንደራችን፣ የሶላር መብራታችን ስትደክም አያቴ ወደ ምድጃው ጠጋ ይሉና ተረት ይጀምሩ ነበር። የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እየለበለበን፣ ፍሙ ላይ የተደረደረው የበቆሎ እሸት እየተንጣጣ፣ ያኔ አንድ ቃል እንዳያመልጠን ማኘክ እንኳ እናቆም ነበር። የጅቡንም የጦጣዋንም ተረት ዳር ያደርሱታል፤ አንዱን ግን ጨርሰውት አያውቁም።

ሁለት ወንድማማቾች ተጣሉ። ታናሹ ማለዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት በእግሩ ወደ ሐይቅ ከተማ አቀና፤ ታላቁ ንዴቱ ሲበርድለት በሦስት ሰዓት በቅሎውን ጭኖ ሊመልሰው ተከተለው። ተረቱ እዚህ ይቆማል። «ደረሰበት?» ስንላቸው «እስቲ እናንተ ድረሱበት» ብለው እሳቱን ይቆሰቁሳሉ። እኔ ደግሞ ነገር ካልተቋጨልኝ እንቅልፍ የማይወስደኝ ልጅ ነበርኩ።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ መምህራችን ሁለት መስመሮች የት እንደሚገናኙ በሠንጠረዥና በግራፍ መፈለግን አስተማረን። ወዲያው የታየኝ የአያቴ ተረት ነበር። እግረኛው በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር፣ በቅሎዋ ስምንት ትሂድ ብዬ ሠንጠረዡን ሞላሁ፤ ነጥቦቹን አያይዤ ግራፉን አሰመርኩና ማታ ይዤላቸው ቀረብኩ።

«ይቺ ቁልቁል የምትመጣው ምንድን ነች?» አሉ በጣታቸው እየተከተሏት።

«ታናሽየው ነው፣ አባባ። ስድስት ሰዓት ላይ ተገናኙ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ቤቱ ገባ።»

«ገባ? ኧረ ገባ በይኝ፣ የኔ እናት!»

እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር። የራሳቸውን እሸት ሳይቀር ለኔ ሰጡኝ።

በማግስቱ መምህሩ ግራፌን አይቶ ሳቀ። ያ አሥራ ሁለት ሰዓት ታናሹ ከቤት የተነሣበት የማለዳው ነው፤ በግራፉ መጀመሪያ ላይ መቀመጥ ሲገባው እኔ ከአሥራ አንድ ሰዓት አስቀጥዬ መጨረሻው ዳር ላይ ተክዬዋለሁ። ታናሽ ወንድም በኔ ስሕተት ነበር ወደ ቤቱ የተመለሰው። አስተካክዬ፣ አሮጌውን ቀድጄ ጥዬ፣ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ።

«አባባ፣ የትናንቱ ስሕተት ነው። አይመለስም። ግን ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሐይቅ ሳይገባ ይደርስበታል!»

አዲሱን መስመር በጣታቸው ተከተሉት። «በቅሎዋ በአምስት ሰዓት ብትመለስስ?»

ሠንጠረዡን አየሁ። እግረኛው ሃያ፣ በቅሎዋ አሥራ ስድስት። «አራት ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር የቀራት፤ አንዲት ሰዓት ብትታገስ ኖሮ!» አልኩ በኩራት።

«አንዲት ሰዓት» አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ «የትናንቱን ወረቀት የት አደረግሽው?» ብለው ጠየቁኝ። ቀድጄ እንደጣልኩት ስነግራቸው፣ «አብሽሪ፣ ምንም አይደል» ብለው ወጡ።

እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ተረት መሰለሽ? የራሳቸው ነው እኮ። መንገደኛ ‹ርቋል፣ አትደርስበትም› ቢላቸው ተስፋ ቆርጠው ተመለሱ። ታናሽ ወንድማቸው፣ አጎቴ፣ ሐይቅ ላይ የአሰብ መኪና ተሳፍሮ በዚያው ቀረ።»

አያቴ ከዚያ ወዲያ ያንን ተረት አላነሱትም፤ ሆድ ይፍጀው ብለው ኖሩ፣ ካረፉም ቆዩ። እኔ ዛሬ እዚያው ሐይቅ ከተማ ሒሳብ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ መስመሮቹ የተገናኙባትን ነጥብ ሲያገኙ ይፈነድቃሉ፤ የኔ ዓይን ግን ከእርሷ በፊት ባለችው የሠንጠረዡ ረድፍ ላይ ይቀራል። ትክክለኛውን መልስ በማወቄ አልጸጸትም። የሚቆጨኝ ችኮላዬ ነው፤ ወንድማቸው ማታ ቤቱ በገባበት ወረቀት ሁለት ቀን እንኳ ሳይደሰቱ ነጠቅኳቸው።