ሽፍታው ሲሚንቶ ላይ ያረሰ ዕለት

የተያዝኩት ስብሰባ ላይ እጄን ስላወጣሁ ነው። ስለ መሬታችን እንወያይ ብለው ቡራዩ ጠርተውን ነበር። ጥያቄ ያለው አሉ፤ እኔ ጥያቄ ነበረኝ፤ ጠየቅኩ። ሰው አጨበጨበ። ያስያዘኝ ጭብጨባው ይመስለኛል፣ ጥያቄዬስ አጭር ነበር። ከአዳራሹ ስወጣ ሁለት ወጣቶች ክንዴን ይዘው መኪና ላይ አወጡኝ። ክፉ አልተናገሩኝም። አንደኛው እንዳልወድቅ ብሎ ከዘራዬን ተቀበለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ከዘራዬን አላየሁትም።

ሰበታ ወሰዱኝ። ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ነው። ግድግዳውም ወለሉም ሲሚንቶ፣ ጣራው ቆርቆሮ። ከላይ ባለችው ጠባብ መስኮት ከማዶው ፋብሪካ የብቅል ሽታ ይገባል። ጥግ ላይ የተኛ ሰው ደግሞ የኑግ ሽታ ይሸተዋል፤ ስንት ዓመት ቢጠረግ አይለቅም። ውስጥ ያለው ሰው አብዛኛው ገበሬ ነበር። ስማቸውን አልጽፍም፣ ልጆች አሏቸው።

በዚያ ክፍል በዕድሜ ትልቁ እኔ ሆንኩ። ትልቅ መሆን እስር ቤት ውስጥ ጥቅም አለው። ከሽንት ባልዲው የራቀው ፍራሽ ለትልቅ ሰው ነው። ዳቦ ሲመጣም እሱ ሳይባርክ ማንም አይቆርስም። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ቤቴ ይህን ያህል አይሰሙኝም።

ከዚያ ሽፍታው መጣ።

ከሰዓት በኋላ ነው፤ በሩ ተከፈተና ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ገባ። አሮጌ ካፖርት ለብሷል። ቆሞ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየው፣ ቤት ሊከራይ እንደመጣ ሰው። በአማርኛ ሰላም አለን፣ በኦሮምኛ ደገመው፣ በአረብኛ ጨመረበት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ማናችንም በማናውቀው ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረ።

አንድ የቡራዩ የሚኒባስ ሹፌር አብሮን ታስሮ ነበር፣ ቀልደኛ ልጅ ነው። «ፋዘር፣ ምን ሠርተው ነው?» አለው።

«ተፍኪ ኬላው ላይ ከጭነት መኪና አወረዱኝ። መታወቂያ አሉኝ፣ የለኝም አልኩ። ሥራህ ምንድን ነው አሉኝ፣ ሽፍታ ነኝ አልኳቸው።»

«አሁንም?»

«ጡረታ የሚያወጣኝ መቼ አገኘሁ።»

ከመካከላችን አንድ የተፍኪ የከብት ደላላ ነበር። ወደ ምዕራብ ጠረፍ እየወረደ ይነግድ ስለነበር ሰውየውን በዝና ያውቀዋል። ቀና ብሎ አየው። «እኚህ እሳቸው ከሆኑ» አለን፣ «እዚያ አገር ዘፈን አላቸው። አንዱ ጎጃሜ ነው ብሎ ይዘፍናል፣ አንዱ የወለጋ ነው ይላል፣ አንዱ ደግሞ እናቱ እዚያው ወንዝ ዳር ወለደችው ይላል። አባቴም በወጣትነቱ ይህንኑ ዘፈን ሰምቷል። እንግዲህ ዕድሜያቸውን እናንተ ገምቱ።»

«የቱ ነው እውነቱ፣ ፋዘር?» አለ ሹፌሩ።

«ምሳ ያበላኝ ሰው አገር ሁሉ አገሬ ነው።»

ዳቦው ሲመጣ እንደ ልማዴ ልባርክ እጄን ዘረጋሁ። እሱም ዘረጋ።

«አንተ ልጅ፣ ቆይ» አለኝ።

እኔ ሰባ አልፎኛል። አያት ነኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

«ስንት ዓመትህ ነው?» አልኩት።

«ካንተ አንድ ዓመት እበልጣለሁ።»

«የኔን ሳትሰማ?»

«ብትነግረኝም ያው ነው።»

ደላላው ሊያስታርቀን ገባ። «አባባ፣ ዕድሜ በጥርስ ነው የሚታወቀው፤ አፍዎን ይክፈቱልኝ» አለው። ከፈተ። ደላላው ገበያ እንደቆመ ሰው አጎንብሶ ቀኝና ግራውን አየና፣ «ምንም የለም። በሬ ቢሆኑ ዋጋ አልናገርም ነበር» አለ። ፍርዱም በዚሁ ቀረ። በዚያን ቀን ዳቦው ሁለት ጊዜ ተባረከ። ከዚያም በኋላ ምግብ በመጣ ቁጥር ሁለታችንም እንባርካለን፣ ሌላው ሰው እጁን ዘርግቶ ይጠብቀናል። እኔ አንተ እለዋለሁ፣ እሱ አንተ ልጅ ይለኛል። ሁለታችንም አልተበገርንም።

እንዲህ እየሳቅን ሰነበትን። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የእስር ቤቱ ኃላፊ ራሱ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ሰውዬ፣ የት ነው የተወለድከው? ዕድሜህስ?»

ሽፍታው አንድ አገር ጠራ። ባለፈው የነገረን ሌላ ነበር።

«ነገ ወደ ጠረፍ የሚሄድ መኪና አለ» አለ ኃላፊው። «ከየት እንደሆንክ የሚመሰክር ሰውና ዋስ የሚሆንህ ሽማግሌ ካለህ፣ አርጅተሃል፣ እለቅሃለሁ። ከሌለህ እዚያው ሄደህ ይጣራል።» በሩን ዘግቶት ሄደ።

ሽፍታው ሄዶ ጥግ ላይ ተኮራመተ። አብረውን የታሰሩ አንድ የሰበታ ባለሱቅ ሐጂ አጠገቡ ሄደው ተቀመጡ። ወፍራም፣ ሰው የሚወዱ ሰው ናቸው። «እዚያ ምን አለ?» አሉት።

«ሰዎች አሉ። ደም አለብኝ። እነሱ ዕድሜዬን አይጠይቁኝም።»

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «ኦቦ፣ የርስዎ አገር ገፈርሳ ነው፣ ቅርብ ነው። ሽማግሌዎች ማስጠራት ይችላሉ። የኛ ሰው ነው ቢሉላቸው ምን ይጎዳል?»

«የማላውቀውን አልመሰክርም።»

«የሰው ነፍስ ነው።»

«ነፍስ መሆኑን አላጣሁትም፣ ሐጂ። ዋሽቼ ሰው አስጠርቼ ነገ ቢጠፋ የሚታሰሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ከየት እንደሆነ ይንገረኝ፣ አሁኑኑ እመሰክራለሁ።»

ሁሉም ሽፍታውን አየው። እሱ ካፖርቱን ሰበሰበ። «ስሸፍት ወገኖቼን እንዳይነኩብኝ ለጠየቀኝ ሁሉ የተለየ አገር ነገርኩ» አለ። «ውሸቶቹን አንድም አልረሳሁም። እውነቱ የትኛው እንደነበር ነው የጠፋኝ። ልጅ ነበርኩ ስወጣ።»

«ማረስ ታውቃለህ?» አልኩት። አንድ ነገር ላገኝ ብዬ ነው።

«እኔ? እርፍ ጨብጬ አላውቅም። እዚያ አገር በሬ የለም፣ ዝንቡ ይጨርሰዋል። በዶማ ነው የሚቆፍሩት። እኔ ደግሞ ሽፍታ ነኝ።»

ነገሩ እዚያው ቆመ። ሰዎቹ አኮረፉኝ። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፣ ግን ሐሳቤን አልለወጥኩም።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። ሰኔ ነው። ቆርቆሮው ሲመታ ሁሉም ወደ ጣራው ቀና አለ። በሰኔ ዝናብ ሲዘንብ ቁጭ ብሎ የሚያውቅ ገበሬ የለም። አንዱ ጣቶቹን ያፍተለትላል፣ አንዱ መስኮቷን እያየ መሬቱ ስንት ጣት እንደራሰ ይገምታል። ሹፌሩ ይህን አይቶ አዘነልን መሰለኝ፣ የመጥረጊያውን እንጨት አንስቶ፣ «በሉ ተነሱ፣ እንረስ» አለ።

«በበሬ ነው በመጥረጊያ?» አለ ደላላው።

«አንተ አንዱ በሬ ነህ።»

«ወፍራም በሬ ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ» አሉ ሐጂ። ተነሱ። አንድ ጋቢ ጠቅልለን በሁለቱ አንገት ላይ ቀንበር አደረግንላቸው። ሹፌሩ መጥረጊያውን እንደ እርፍ ይዞ ከኋላ ቆመና፣ «ቦታ አለ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ሳበው!» ማለት ጀመረ።

«ተሳፋሪ እየጫንክ ነው?» አልኩት። እስር ቤት ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። እኔም ተነስቼ ሁለት ዙር አሳየሁት፤ ወገቤን ያዘኝና መለስኩለት። ልጁ ግን አይገባውም። እርፉን እንደ መሪ ነው ወደ ላይ የሚይዘው።

ከጥግ ድምፅ መጣ። «አታንሳው።»

ዞርን። ሽፍታው ነው።

«ማረሻው ከመሬት ወጣ እኮ» አለ። ተቆጥቷል። «ዝም ብለህ መሬቱ ላይ እየተራመድክ ነው። ተጫነው።»

ልጁ ሊጫነው ሞከረ። ሽፍታው አላስቻለውም። ካፖርቱን አውልቆ ጣለ፣ መጥረጊያውን ከእጁ ቀማው፣ መዳፉ ላይ እንትፍ አለ።

«ዴሚ!» አለ በኦሮምኛ፣ ሂድ ማለቱ ነው።

በሬዎቹ ደንግጠው ሄዱ። አካሄዱን አየሁት። አንድ እግሩን ትልሙ ውስጥ አንዱን ውጭ አድርጎ፣ ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ነው የሚሄደው። በሲሚንቶ ላይ! ግድግዳው ጋ ሲደርሱ «ዴብኢ» አለ፣ በሬዎቹም ዞሩ። ሲመለሱ ሐጂ ትንፋሽ አጥሯቸው ቆሙ። ሽፍታው አልጮኸባቸውም። ጠጋ ብሎ ትከሻቸው ላይ፣ የበሬ ሻኛ በሚሆንበት ቦታ፣ እጁን አኖረና በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ «አይዞህ የኔ ጌታ። ትንሽ ናት የቀረችን። የልጆቼ ጉርሻ፣ አታሳፍረኝ» አለ።

እኔ ቆሜ ነበር። ልመናውን አውቀዋለሁ።

እኛ ጋ በሬ የሚታዘዘው በኦሮምኛ ነው። ሲደክም የሚለመነው ግን በአማርኛ ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ አባቴም እንዲሁ ነበር፣ የጎረቤቶቻችን አባቶችም እንዲሁ። ከእኛ ራቅ ስትል በሚያዙበት ቋንቋ ይለምናሉ። ይህን ሰው ኬላ ላይ አስቁመህ ብትጠይቀው አይነግርህም፣ የሚነገር ነገር መሆኑንም አያውቀውም። ከበሬ ኋላ ሲቆም ብቻ ነው ከአፉ የሚወጣው።

«ማነው ያስተማረህ?» አልኩት።

መጥረጊያውን እንደያዘ ቆመ። «አባቴ» አለ። ደግሞ፣ «አባት ነበረኝ እኮ» አለ። ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አልቆመለትም። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፣ «በሬዎቹን አታቁሙብኝ» ብሎ እንደገና ጀመረ።

ዝናቡ እስኪያባራ አረሰ። በሬዎቹ ሲደክሙ ሌሎች ይገቡ ነበር፤ በሬ ለመሆን ተሰለፉ ብል አትመኑኝም፣ ግን ተሰልፈዋል። ዘበኛው በበሩ ቀዳዳ አየንና «ምንድን ነው?» አለ።

«እርሻ ነው» አልነው።

«ስትጨርሱ ጥረጉት» አለና ሄደ።

ጠዋት ኃላፊው ሊወስደው ሲመጣ፣ «እኔ እመሰክርላቸዋለሁ» አልኩ።

«ታውቀዋለህ?»

«አላውቃቸውም።»

«ዘመድህ ነው?»

«አይደሉም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምትመሰክረው?»

«ማረስ የተማሩት እኛ ጋ ነው።»

ሽፍታው ዞሮ አየኝ። እስከዚያች ሰዓት አንቱ ብያቸው አላውቅም ነበር። ኃላፊው ግንባሩን አሸ። «የትኛው ቀበሌ?»

«እሱን አላውቅም። ከሱሉልታ እስከ መናገሻ ባለው ውስጥ ነው።»

«ዕድሜውስ?»

«የኔ ታላቅ ናቸው።»

ከኋላዬ የሳቅ ድምፅ ሰማሁ። ኃላፊውም ወሬው ደርሶታል መሰለኝ፣ «ስትጣሉበት አልነበር? በምን አወቅክ?» አለኝ።

«እኔ ሁለት ዙር አርሼ ወገቤን ያዝኩ። እሳቸው ዝናቡ እስኪያባራ አረሱ።»

«እሱማ ወጣት ነው ያሰኛል እንጂ።»

«እንደሳቸው የሚያርስ ወጣት አምጣልኝና ቃሌን ላጥፍ።»

ሳቀ። እስከ ስድስት ሰዓት ሽማግሌ ከመጣ ይለቀቃል፣ ካልመጣ መኪናው ላይ ይወጣል አለ። ባለቤቴ ቁርስ ይዛ ስትመጣ ነገርኳት። ከኔ የባሰች ግትር ናት፤ ምግቡን ትታ በሚኒባስ ተመለሰችና ሁለት የገፈርሳ ሽማግሌዎች ይዛ መጣች። አንደኛው ሽፍታውን «የማን ልጅ ነህ?» አሏቸው። ነገሯቸው። ማታ ለእኛ የአባታቸውን ስም ሲነግሩን ሌላ ነበር። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ትመሰክራለህ?»

«ማረሳቸውን እመሰክራለሁ።»

«ይበቃል» አሉና ፈረሙ።

ሽፍታው ካፖርታቸውን ለብሰው ወደ በሩ ሲሄዱ ሐጂ ተነሱ። ከዚያ ደላላው፣ ከዚያ ሁላችንም። ትልቅ ሰው ሲያልፍ እንደሚነሳው ነው የተነሳነው። ዘበኛው «ተቀመጡ» አለ። ማንም አልተቀመጠም። ደግሞ አለን። በሩ እስኪዘጋ፣ ኮቴያቸው ከግቢው እስኪጠፋ ድረስ ቆመን ቆየን። ዘበኛውም ሦስተኛ አላለንም።

እኔ ክረምቱ ሲወጣ ተለቀቅኩ። ለምን እንደታሰርኩ ያኔም አልነገሩኝም፣ አሁንም አልጠየቅኩም። ጥያቄ ጠይቄ አይቼዋለሁ።

እሳቸው ዛሬም አሉ። ዋስ በሆኗቸው ሽማግሌ ቤት ነው የሚኖሩት። የሱሉልታ ሰዎች የኛ ናቸው ይላሉ፣ የመናገሻ ሰዎችም የኛ ናቸው ይላሉ፤ እሳቸው ለሁሉም ልክ ናችሁ ይላሉ። መታወቂያም ወጥቶላቸዋል። እዚያ ላይ ከኔ ያነሱ ናቸው፣ እሱን ለሰው ሁሉ ያሳያሉ።

ባለፈው ሰኔ ጠራኋቸው። መሬቴ አሁን ትንሽ ናት፣ ዙሪያዋን ቤት ከቧታል፤ በሬም ከሰው ነው የምዋሰው። መጥተው ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ሲያዩ ቆዩና ተነሱ። እርፉን ሰጠኋቸው። አንድ ትልም ብቻ አረሱ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ እያዘዙም እየለመኑም። ዓይናቸው ደክሟል። ትልሙ እንደ ጅረት ተጣመመ።

ሲሄዱ ልጄ በሬዎቹን አዙሮ ሊያስተካክለው ተነሳ። ተወው አልኩት። ዘንድሮ እንዲያ ሆኖ ይብቀል።