የጋሽ ተሾመ ጎማ

ውሃ በኃይል እየረጨ የሚያጥበው ማሽን፣ የፕሬሸር ዋሸር፣ ግፊት ሲያንስ «ፓምፑ ሞቷል» ይባላል። አልሞተም። በአውሮራና በዴንቨር ጋራዦች ሞቱ የተባሉ ብዙ ፓምፖች አስነስቻለሁ፤ ተአምር ሠሪ ሆኜ ሳይሆን አብዛኞቹ ውሃ ጠምቷቸው ስለነበር ነው።

ሥራውን የጀመርኩት አውሮራ፣ ጋሽ ከድር የሚባሉ ሰው የጥገና ሱቅ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ቀን መፍቻ ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ ባልዲ ሰጡኝ። ወለል እጠብ ሊሉኝ መስሎኝ ቅር አለኝ። እሳቸው ግን ወደ ቧንቧው ልከው ውሃው እንዴት እንደሚሞላ እንዳይ አዘዙኝ።

«ማሽን የሚተፋው የጠጣውን ነው» አሉ። «መጀመሪያ መጠጣቱን እይ። መፍታቱ የትም አይሄድብህም።»

ብዙ መጽሐፍ አንብቤ የመጣሁ ሰው ስለነበርኩ ትምህርቱ አነሰብኝ። መጻሕፍቱ ስለ ባልዲ ምንም አላሉም ነበር።

አሁን በራሴ ቫን እየዞርኩ ነው የምሠራው። ባለፈው ሰመር ዳዊት የሚባል ሰው ግሪን ቫሊ ራንች ከሚባለው ሰፈር ደወለልኝ። ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ የሌሊት ሥራ ይሠራል፤ ልጆቹ ሲነቁ እሱ ይተኛል። ከዚያ ሕይወት ለመውጣት የሰው ቤት ድራይቭዌይ፣ ያንን የመኪና መግቢያ ኮንክሪት፣ እና አጥር ማጠብ ሊጀምር ነው። የመጀመሪያዋ ደንበኛ በማግስቱ ጠዋት ትጠብቀዋለች፤ ሥራውን ከወደደችው ጎረቤቶቿን ልታመጣለት ቃል ገብታለች። ማሽኑ ግን አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ይደክማል። አዲስ ፓምፕ ይዤ እንድመጣ ለመነኝ። ባልዲ ይዤ ሄድኩ።

ድራይቭዌዩ ላይ ጋሽ ተሾመ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል። የዳዊት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ደንበኛዋንም ያገኙለት እሳቸው ናቸው። ከእኔ በፊት ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ሦስት ወንድሞች ማሽኑን ነካክተውታል። አንዱ ኖዝሉን፣ ውሃው የሚረጭበትን አፍ፣ ለውጧል። ሌላው የግፊት መቆጣጠሪያውን ብሎን እስከ መጨረሻው አጥብቋል፤ ማሽን መግደል ለሚፈልግ ጥሩ ዘዴ ነው። ሦስተኛው መጋጠሚያውን ሁሉ በነጭ ቴፕ ጠቅልሏል። የቀደመውን ሰው ሥራ ያፈረሰ ግን የለም፤ ነውር ነዋ። ማሽን በእውቀት ማነስ ይበላሻል ይላሉ። እኔ በጨዋነት ብዛት ሲበላሽ ነው ያየሁት።

አጥፍቼ፣ ቃታውን ስቤ የቀረውን ግፊት አስወጣሁ። ኖዝሉን በቀጭን ሽቦ ወጋሁት፤ ንጹህ ነው። የውሃ መግቢያውን ማጣሪያ አወጣሁ፤ እሱም ንጹህ ነው። ብሎኑን ወደ ቦታው መልሼ አስነሳሁት። አሁንም ይቆራረጣል። ባልዲውን ቧንቧው ስር አስቀመጥኩ፤ ወዲያው ሞላ። ውሃውን ከቧንቧው ወደ ማሽኑ የሚያደርሰውን ጎማ ገጥሜ ባልዲውን ጫፉ ስር ሳስቀምጠው እንደ ሠርግ ምርቃት አስጠበቀኝ።

ጎማው አርጅቷል፤ ወገቡ በሽቦ ታስሯል። የማን እንደሆነ ስጠይቅ ዳዊት መሬት መሬት አየ። ጋራዡ ግድግዳ ላይ ግን ማሸጊያው ያልተነካ አዲስ ጎማ ተሰቅሏል።

«የእኔ ነው» አሉ ጋሽ ተሾመ። «ምን ሆነ?»

«ታፍኗል፣ ጋሼ። ውስጡ ተልጦ ውሃ አላሳልፍ ብሏል።»

ወደ ዳዊት ዞሩ። «አውቀህ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር። ግን እርስዎ ያመጡልኝን እንዴት ብዬ ላውልቀው?»

«ጎማውን የሰጠሁህ ውሃ እንዲያሳልፍልህ እንጂ እንዲያከብረኝ ነው እንዴ? ለመከበሩ ልጆች አሉኝ፤ በእንግሊዝኛም ቢሆን ያከብሩኛል። እኔን እንዳታስቀይም ብለህ እንጀራህን ልትዘጋ ነበር?»

ጋሽ ተሾመ ተነሥተው ጎማውን በገዛ እጃቸው ፈቱት።

አዲሱን ገጠምን። ውሃው አየሩን ገፍቶ እስኪያወጣ ቃታውን ይዤ ጠበቅኩና አስነሳሁት። ኮንክሪቱ ላይ ነጭ መስመር ተሰመረ። ዳዊት ከእጄ ተቀብሎ መስመሩን እየገፋ ወደ መንገዱ ሄደ፤ ዞር ብሎም አላየን። ጋሽ ተሾመ አሮጌውን ጎማ ጠቅልለው መኪናቸው ውስጥ ከተቱ። ለቲማቲማቸው ይበቃል አሉ።

ብልሽት የሚፈለገው ከውሃው መግቢያ ጀምሮ በተራ ነው። በተራው መሃል የተከበረ ሰው ስጦታ ቢገኝም አይዘለልም።

አንተም ማሽንህ ላይ፣ ሰው እንዳይቀየም ብለህ ያልነካኸው ነገር አለ። እኔን ከመጥራትህ በፊት ሂድና ፍታው።