ለዝናይዳ የተገዛ ጋሻ

ካዚሚሮን አንቱ የሚለው ሰው በመንደራችን የለም፤ እኔም ዛሬ አልጀምርም። አያቶቻችን ከፖላንድ ተሰደው ብራዚል፣ ፓራና ሲሰፍሩ ይዘው የመጡት መጥረቢያና ስማቸውን ነበር። መጥረቢያው ጫካ መነጠረ። ስሙ ግን የካዚሚሮን ልብ አሳበጠው።

የቤተሰቡ ስም ዝናይዳ ነው፤ በአካባቢው በዚህ ስም የሚጠሩት እነሱ ብቻ ናቸው። «ብርቅ ስም የመኳንንት ስም ነው» ይላል። አባቱ ከሞቱ ወዲህ ፖላንድኛ ከቤቱ ጠፍቷል፤ የስሙን ትርጉም አያውቅም፣ ለማወቅም አልጠየቀም። ከተማ ሲወርድ አንድ አፈ ጮሌ ነጋዴ የመኳንንት ቤት አርማ ነው ብሎ አንበሳ የተሳለበት ጋሻ ሸጠለት፤ እሱም ከበቆሎ ጎተራው በር በላይ ሰቀለው። ከሥሩ ዶሮዎቹ ይጭራሉ። የእኛ መስፍን እንግዲህ ይሄ ነው።

የአባቱ ታላቅ እህት እማማ ሆኖራታ ማቴ የሚባለውን የአገሩን የቅጠል ሻይ በቀሰም እየሳበች ታየዋለች።

«አክስቴ፣ ቅድመ አያቴ መስፍን ነበሩ አይደል?»

«አንተ ካልክ እንግዲህ» ትለዋለች። ይጫወትበት ብላ ትታው ነው።

ከዚያ የካዚሚሮ ልጅ ሉድሚላ፣ ያላገባች የክሊኒካችን ነርስ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ በቅርጫት የተጣለ ሕፃን አገኘች። እናቱ ፈጽሞ አልታወቀችም። ዳኛው እንድታሳድገው ፈቀደላት። ክርስትና ሲነሳ በራሷ የቤተሰብ ስም ልታስጠራው ቆረጠች።

«ከመንገድ የተለቀመ ልጅ የኔን ስም አይሸከምም» አላት አባቷ። «እምቢ ካልሽ ሁለታችሁም ከቤቴ ውጡ።»

«የት እንግባ አባዬ?»

«ስም የሌለው ሰው የሚገባበት።»

አጥሩ ጋ ቆሜ ስሰማ ደሜ ፈላ። የእሱ ዶሮ እንኳ የዳክዬ ጫጩት አሳድጋለች።

እሁድ ዕለት ሱፉን ግጥም አድርጎ ከፊት ተቀመጠ፣ ሊያስፈራራት። ቄሱ «የቤተሰቡ ስም ማን ይባል?» ሲሉ ሉድሚላ አባቷን አየችና ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

እማማ ሆኖራታ ምርኩዟን ተደግፋ ተነሳች። «ዝናይዳ ይበሉት አባ።»

«አክስቴ፣ አንቺን አያገባሽም።»

«ያገባኛል። ቅድመ አያትህን በጨርቅ እንደተጠቀለሉ ገዳም በር ላይ ነው ያገኟቸው። ዝናይዳ ማለት በፖላንድኛ ተጥሎ የተገኘ ልጅ ማለት ነው። የማን እንደሆኑ ስላልታወቀ መነኮሳቱ ይህንኑ ስም አወጡላቸው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። እኔ ነኝ።

ካዚሚሮ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?»

«ጋሻህ ማንንም አልጎዳማ። ዛሬ ግን ሕፃን ልታስወጣበት ነው። ስሙ ከሁላችንም ይልቅ የሚገባው ለዚህ ልጅ ነው። አንተ ካልጣመህ ሌላ ፈልግ፤ አንተን ማንም አልጣለህም።»

ቄሱ ውሃውን አፈሰሱ። ካዚሚሮ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

ከቤት ግን አላስወጣቸውም፤ በምን አፉ? ጋሻውም እንደተሰቀለ ነው። ሉድሚላ የልብስ ማስጫ ገመዷን ጋሻው በተሰቀለበት ሚስማር ላይ አስራ የትንሹን ዝናይዳ የሽንት ጨርቅ ታሰጣበታለች።