የአስናቀው ገብስ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዬ ውጤቷን ይዛ ቢሮዬ መጣች። ናይትሮጅን ባጣ ስንዴ ውስጥ የትኞቹ ዘረመሎች እንደነቁ፣ የትኞቹ እንደተኙ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ነው። «ጥሩ ነው» አልኳት። ከወጣች በኋላ ግን ሥራ እንቢ አለኝ፤ አስናቀው ትዝ አለኝ።

አስናቀው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ፣ ከደብረ ታቦር ወዲያ ያለችው የገሳይ ከተማ ልጅ ነበር። በጉና ተራራ ግርጌ በደከመው መሬት ላይ ገብስ ለምን እንደሚቀጭጭ ለማወቅ፣ ፎስፈረስ የተነፈገ ገብስ በጣሳ እያበቀለ ያጠና ነበር። እሱ ቁርስ ሳይቀምስ ችግኞቹ ውሃ ይጠጣሉ። ቅጠሎቹ ዘረመላቸው እንዲመረመር በበረዶ ታሽገው ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ በተላኩበት ክረምት ኩላሊቱን ታመመ፤ መስከረም ሳይጠባ አረፈ። የምርመራው ቁጥሮች የመጡት ከተዝካሩ በኋላ ነው።

ትንተናውን እኔ ወሰድኩት። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ በፎስፈረስ እጦት ሥራቸው የተለወጠ ዘረመሎች እንደ ጉድ ፈሉ፤ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ደስታዬ አልቆየም። ያን ሁሉ ዘረመል አንድ ላይ ሲፈትኑት በአጋጣሚ የተለወጠ የሚመስል አይጠፋም። ገለባውን ከፍሬው የሚለየውን ስሌት ስሠራ አብዛኞቹ ረገፉ፤ ጥቂት ቀሩ። ጓደኛዬን ዳግመኛ የቀበርኩት መሰለኝ።

ለአባቱ መንገር ነበረብኝ። ከደብረ ታቦር በጭቃው መንገድ እየተንገጫገጭኩ ገሳይ ስደርስ ጭጋጉ ገና አልተገለጠም። አባቱ መሪጌታ ናቸው፤ ሚስታቸው ቀድመው ሞተውባቸው፣ አሁን ደግሞ አንድያ ልጃቸውን አጡ። ትኩስ ቅቅል ድንች በዳጣ አቀረቡልኝና በልቼ እስክጨርስ ጠበቁ።

«የደከመበት ነገር ምን ሆነ?»

«አብዛኛው አልጸናም፣ የኔታ። ጥቂት ግን ቀርቷል።»

«የቀረው እውነት ነው?»

«እስካሁን ባየሁት፣ እውነት ነው።»

«ተመስገን። ይኸ ዘረመል የምትሉት ምንድን ነው?»

«ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ...» ብዬ ጀመርኩ።

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ደጁ መለሱ።

«የኔስ አስናቀው ላይ ቆሟል» አሉ ቀስ ብለው። «በል ልጄ፣ የገብሱን ንገረኝ።»

ነገርኳቸው። ገብስ ሲርበው፣ ገና ቅጠሉ መልኩን ሳይለውጥ፣ ውስጡ ለችግሩ እንዴት እንደሚሰናዳ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቅኔ የሚያሰማቸው ተማሪያቸው የሆንኩ ያህል እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

ዛሬ እሳቸውም የሉም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናት በብዙ አዳራሽ አቅርቤአለሁ፤ ተጨብጭቦልኛል። እንደ መሪጌታ ያዳመጠኝ ግን የለም። ሲሰሙ የነበሩት ደግሞ እኔን ሳይሆን ልጃቸውን ነበር።