በሁዳዴ የተጠጣ ወተት

ልደታ ማርያም ሰፈር፣ ከእኛ አጥር ቀጥሎ፣ የፈረንጅ ሚሲዮን ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ሰውየው ያልገባበት ሥራ አልነበረም። ጠዋት ጥርስ ይነቅላል፣ ቁስል ያጥባል፣ ከሰዓት በኋላ የተሰበረ ወንበር ይጠግናል፣ እሁድ ይሰብካል። እውነቱን ለመናገር፣ ከስብከቱ ይልቅ ጉጠቱ ብዙ ሰው ይሰበስብ ነበር። ሚስቱን ማዳም እንላታለን። ለሰፈሩ ሴቶች ልጆች ስፌትና ፊደል ታስተምራለች፣ አራስ ትጠይቃለች፣ በሽተኛ ታስታምማለች። አማርኛዋን ከመጽሐፍ ቅዱስ ስለ ተማረችው፣ ጨው ስትበደር እንኳ ነቢይ የሚናገር ይመስል ነበር። እወዳት ነበር።

አባቴ ጣሊያን በገባ በዓመቱ፣ በየካቲት፣ ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ እናቴ በሳል አልጋ ላይ ወደቀች። ማዳም ደረቷን አዳምጣ ስታበቃ ወደ ደጅ ወሰደችኝና፣ "ሳንባዋ ታሟል። በየቀኑ ወተት ትጠጣ፤ አለዚያ ትሞታለች" አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከእናቴ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዳም ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ አንድ ኩባያ ትኩስ ወተት ታመጣለች። እናቴ "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ትቀበልና፣ ማዳም ስትወጣ ለእኔ ታቀብለኛለች። እኔም ጾመኛ ነኝ። ስለዚህ ለድመቷ። ድመታችን በዚያ ሁዳዴ ለፋሲካ እንደሚቀለብ ሙክት ደለበች። እናቴ ግን ከቀን ወደ ቀን አጥንቷ ወጣ። ለማንም እንዳልናገር በማርያም ስም አስምላኛለች።

ማዳም ግራ ገባት። አንድ ጠዋት የእናቴን ቀጭን ክንድ ይዛ "ወተቱ ስለ ምን አልረዳሽም?" እያለች ስታለቅስ ሳይ አልቻልኩም። ተከትያት ወጣሁና መሐላዬን አፍርሼ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ተቆጣችም። ተመልሳ ገባች።

"እግዚአብሔር ያንቺን ሞት አይሻም!"

"ማዳም፣ እርስዎ በሃይማኖትዎ ይኑሩ፣ እኔንም በሃይማኖቴ ይተዉኝ" አለች እናቴ። "የነፍስ አባቴ ሳይፈቱኝ አልገድፍም።"

የነፍስ አባቷ የልደታ ማርያም ቄስ ናቸው። ሚሲዮን ቤት የሚውል ልጅ መስቀሌን አይሳለምም ያሉ እሳቸው ነበሩ። የማዳም ባል ደግሞ ጾም የሰው ሥርዓት ነው እያለ ይሰብካል። ሁለቱ ሰላምታ ከተነፋፈጉ ቆይተዋል።

ማዳም የእናቴን ነጠላ ከተሰቀለበት አውርዳ ተከናነበችና "ምሪኝ" አለችኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር ላይ ጫማዋን አውልቃ ጠበቀች። ቄሱ ሲወጡ ጎንበስ አለች።

"አባቴ፣ ይህች ሴት የእርስዎ ልጅ ናት። እኔን አትሰማኝም፣ እርስዎን ትሰማለች። እባክዎ ያድኗት።"

"አባቴ" ስትላቸው እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ቄሱ ባዶ እግሯን አዩ። ከፊታችን ቀድመው ወደ ቤታችን ሄዱ።

እናቴን በመስቀላቸው ባርከው፣ "ፈትቼሻለሁ። ጾሙን እኔ እጾምልሻለሁ። ሌላው እንዳይሰናከል ግን ከሰው ዓይን ተከልለሽ ጠጪ" አሏት። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጠጣች። ድመቷ ሁለት ቀን ሙሉ ስትጮህ ሰነበተች።

እናቴ ቀና ማለት በጀመረችበት ሳምንት ጣሊያኖቹ ሚሲዮኖቹን አገር ለቃችሁ ውጡ አሏቸው። ካሚዮን መጥቶ ደጃቸው ቆመ። ሰፈሩ ሁሉ፣ ቄሱም ጭምር፣ ሊሰናበት ወጣ። ማዳም እናቴን አቅፋ አልለቅ አለች።

"እኔ ስሄድ ወተቱን ትተዪዋለሽ፤ አውቅሻለሁ" እያለች ታለቅሳለች። ስንት ቀን ሙሉ የዋሸናት እኛ ነን፤ ብትጠራጠር አልፈርድባትም።

እናቴ ወደ እኔ ዞራ "ሂጂ፣ የጠዋቱን ወተት አምጪው" አለችኝ። ፋሲካ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረው ነበር። ጾመኛው ጎረቤት ሁሉ እያያት፣ እሷ ግን ማዳምን ብቻ እያየች፣ አንዲት ጠብታ ሳታስቀር ጠጣችው። ቄሱ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞሩ። ማዳም ከእናቴ ከንፈር ላይ ወተቱን በእጇ ጠረገችላትና ካሚዮኑ ላይ ወጣች።